ክፍሉ ውስጥ ማን ነበር? ማልኮም ኤክስ በታሪክና በመድረክ



ማልኮም ኤክስ (አል-ሐጅ ማሊክ አሽ-ሸባዝ፣ አላህ ይዘንለት) በዚህች ዱንያ ላይ የኖረው 39 ዓመት ብቻ ነው። ከተገደለ ግን ስድሳ ዓመት አልፎታል። በእነዚህ ስድሳ ዓመታት ውስጥ ሌሎች ሰዎች በእሱ ስም ብዙ ተናግረዋል። ፊልም ተሠርቶበታል፣ ኦፔራ ተደርሶበታል፣ ተውኔት ተጽፎበታል። አሁን ደግሞ ከእነዚህ ሥራዎች የተቆረጡ አጫጭር ቪዲዮዎች ከእውነተኛ ንግግሮቹ ጋር ተቀላቅለው ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራሉ። ከሥራቸው የሚጻፈው ግን አንድ ዓይነት ነው፤ «ማልኮም ኤክስ እንዲህ አለ»።

በእርግጥ አለ ወይ? ካላለስ ማን አለው? የዛሬው ጽሑፋችን ይህን ይመለከታል። በሦስት የመድረክ ሥራዎች ውስጥ ያለውን ማልኮም በታሪክ ከምናውቀው ማልኮም ጎን አቁመን እናያለን። (ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ አንድ ነገር። ቴያትር በሸሪዓ ዓይን ምን ብይን አለው? የነቢያትንና የሶሓቦችን ሕይወት በተዋናይ ማሳየትስ? ይህ የዑለማኦች ሥራ ነው፤ እነሱም በሰፊው ተናግረውበታል። የእኛ ጥያቄ የታሪክ ጥያቄ ነው። ሥራዎቹ ተሠርተዋል፣ ታትመዋል፣ ወጣቶቻችንም ያዩዋቸዋል። የምንጠይቀው ከሚያዩት ውስጥ የቱ የሆነ፣ የቱ ያልሆነ እንደሆነ ነው።

ያቺ የማያሚ ሌሊት

ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1964፣ ማያሚ ቢች። የ22 ዓመቱ ካሲየስ ክሌይ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የነበረውን ሶኒ ሊስተንን ገጠመ። ውርርዱ 7 ለ 1 ለሊስተን ያደላ ነበር። ሊስተን ግን ለሰባተኛው ዙር ከወንበሩ ሳይነሳ ቀረ፤ ክሌይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ማልኮም በዚያ ምሽት አዳራሹ ውስጥ ነበር። ከግጥሚያው በፊት መልበሻ ክፍል ገብቶ ከክሌይ ጋር አብረው መጸለያቸውን እሱ ራሱ በሕይወት ታሪኩ ተርኮታል። በዚያን ጊዜ ማልኮም ቅጣት ላይ ነበር። በዲሴምበር 1963 ስለ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ግድያ በተናገረው ንግግር ምክንያት የኔሽን ኦፍ ኢስላም መሪ ኤላይጃ ሙሐመድ ለ90 ቀናት በአደባባይ እንዳይናገር ከልክሎት ነበር።

እዚህ ላይ ለአዲስ አንባቢ ማስታወስ ያለብን ነገር አለ። ኔሽን ኦፍ ኢስላም በስሙ ኢስላም ቢልም ያን ጊዜ ያስተምረው የነበረው ከሙስሊሞች ዐቂዳ የራቀ ነበር። ኤላይጃ ሙሐመድን የአላህ መልእክተኛ አድርጎ ይቆጥር ነበር፤ ነጭ በተፈጥሮው ሸይጧን ነው ብሎም ያስተምር ነበር። ማልኮም ለ12 ዓመታት ያህል የዚህ ድርጅት ትልቁ ድምፅ ነበር።

ከድሉ በኋላ ክሌይ ወደ ትልልቆቹ የማያሚ ቢች ሆቴሎች አልሄደም፤ በዘር መድልዎ ምክንያት ጥቁሮች እዚያ አያድሩም ነበር። የሄደው ብራውንስቪል በሚባለው የጥቁሮች ሠፈር ወደሚገኘው ሃምፕተን ሃውስ ሞቴል ነው። ማልኮም ያረፈው እዚያ ነበር። ዘፋኙ ሳም ኩክና የአሜሪካ እግር ኳስ ኮከቡ ጂም ብራውንም አብረው ነበሩ። ድግሱ አይስክሬም ነበር። በማግስቱ ጠዋት ክሌይ ለጋዜጠኞች በአላህ እንደሚያምን ተናገረ። ማርች 6 ቀን ኤላይጃ ሙሐመድ «ሙሐመድ ዐሊ» የሚለውን ስም ሰጠው። ማርች 8 ቀን ማልኮም ከድርጅቱ መውጣቱን አስታወቀ።

ስለዚያች ሌሊት በእርግጠኝነት ከምናውቀው ዋናው ይህ ነው። አራቱ ሰዎች ሲነጋገሩ ያደሩትን ማንም ቃል በቃል አልመዘገበውም።

ባዶው ክፍል ሲሞላ

ታሪክ ዝም ባለበት ቦታ ጸሐፌ ተውኔት ይገባል። ኬምፕ ፓወርስ የተባለ አሜሪካዊ ጸሐፊ ይህችን ሌሊት ይዞ «አንድ ሌሊት በማያሚ» የሚል ተውኔት ጻፈ። ተውኔቱ በ2013 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ፤ በ2016 ለንደን ውስጥ በዶንማር ዌርሃውስ ቴያትር ቀረበ፤ በ2020 ደግሞ በሬጂና ኪንግ አዘጋጅነት ፊልም ሆነ። የፊልሙን ጽሑፍ ያዘጋጀው ራሱ ፓወርስ ነው።

በተውኔቱ ውስጥ አራቱ ሰዎች በአንዲት የሞቴል ክፍል ተዘግተው ይከራከራሉ። ዝነኛ ጥቁር ለሕዝቡ ምን ዕዳ አለበት? ገንዘብ ማግኘት ነው ነፃነት ወይስ መጮህ? ማልኮም ኩክን ይወቅሳል፤ ኩክም ይመልሳል። ክሌይ ደግሞ በእምነቱ ጉዳይ ከባድ ውሳኔ ፊት ቆሞ ይታያል። ጥያቄዎቹ ትልልቅ ናቸው፤ አራቱም ሰዎች በሕይወታቸው በእርግጥ ተጋፍጠዋቸዋል። ምልልሱ ግን የፓወርስ ነው። ጸሐፊው ይህን አልደበቀም፤ ሥራውን ያቀረበው ተውኔት ብሎ ነው።

አሁን ከታሪክ ጋር እናስተያየው።

አንደኛ፣ ጊዜው ተጨምቋል። ክሌይ ወደ ድርጅቱ ስብሰባዎች መሄድ የጀመረው ከዚያች ሌሊት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። ከማልኮም ጋር የተዋወቁትም በ1962 ዲትሮይት ውስጥ ነበር። መድረክ ግን ዓመታትን ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ተመልካች የለውም፤ የዓመታቱን ሐሳብ በአንዲት ሌሊት ማሳየት አለበት። ይህ የቴያትር ባሕርይ ነው። አደጋው ተመልካቹ «ክሌይ በአንድ ሌሊት ተነካ፣ በማግስቱ ሰለመ» ብሎ እንዳይወጣ ነው። የሰው ልብ አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ አይሠራም፤ የዐሊም ልብ እንደዚያ አልሠራም።

ሁለተኛ፣ ቅደም ተከተል ተገልብጧል። ፊልሙ ሳም ኩክ የለውጥ መምጣትን የሚናገረውን ዝነኛ ዘፈኑን በቴሌቪዥን ሲያቀርብ የሚያሳየው ከማልኮም ወቀሳ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ወቀሳው የወለደው ይመስላል። ኩክ ግን ዘፈኑን የቀዳው በጃንዋሪ 1964 ነው፤ በቴሌቪዥን ያቀረበውም ፌብሩዋሪ 7 ቀን፣ ከግጥሚያው በፊት ነው። ፊልሙ አንዱን ክስተት ከቦታው አንስቶ ሌላው ላይ ሲያስቀምጠው፣ ያልነበረ ምክንያትና ውጤት ይፈጠራል።

ሦስተኛው ከሁሉም የሚከብደው ነው። ተውኔቱ በመጀመሪያ ሲታይ ከአራቱ ሁለቱ በሕይወት ነበሩ። ሙሐመድ ዐሊ ያረፈው በ2016፣ ጂም ብራውን በ2023 ነው። ብራውን ያቺን ሌሊት ሲያስታውስ የተናገረው አንድ ነገር አለ። ክሌይ ወደ ጓዳ ክፍል ወስዶ ለብቻው ረጅም ሰዓት አነጋገረው፤ ኤላይጃ ሙሐመድን እንደሚከተልና ከማልኮም መለየት እንደሚኖርበትም ነገረው። እንግዲህ አስቡት። ማልኮም በሚቀጥለው ክፍል ለወዳጁ ድል ተደስቶ ተቀምጧል። ወዳጁ ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ ሊለየው መወሰኑን ለሌላ ሰው ይናገራል።

ከዚህ የበለጠ ምን ድራማ አለ? ይህን ያገኘነው ግን ከጸሐፊ ምናብ ሳይሆን እዚያ ከነበረ ሰው ምስክርነት ነው።

የተከተለውንም እናውቃለን። በሜይ 1964 ሁለቱ ጋና ውስጥ አክራ ላይ ተገናኙ። ማልኮም ከሐጅ ተመልሶ ነበር፤ ዐሊ ፊቱን አዞረበት። ከዚያ ወዲህ ለመታረቅ ዕድል አላገኙም። ዐሊ በኋላ ወደ ሱኒ ኢስላም መጣ፤ በ2004 ባሳተመው መጽሐፍም ለማልኮም ጀርባውን መስጠቱን በሕይወቱ እጅግ ከተጸጸተባቸው ስህተቶች አንዱ አድርጎ ጽፎታል። አላህ ለሁለቱም ይዘንላቸው።

ያልተደረገው ስብሰባና የተደረገው

ሁለተኛው ሥራ ጄፍ ስቴትሰን በ1987 ለመድረክ ያበቃው «ስብሰባው» የተሰኘ ተውኔት ነው። በ1989 በአሜሪካ ሕዝባዊ ቴሌቪዥንም ቀርቧል። ማልኮም ኤክስና ማርቲን ሉተር ኪንግ ሃርለም ውስጥ በአንድ ሆቴል ክፍል በምስጢር ይገናኛሉ። ይከራከራሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ክንድ ለክንድ ገጥመው ይታገላሉ። ኪንግ ከልጁ የተላከ አሻንጉሊት ለማልኮም ልጅ ያመጣል።

ይህ ስብሰባ አልተደረገም። ሁለቱ ፊት ለፊት የተያዩት በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ማርች 26 ቀን 1964፣ በዋሽንግተን ምክር ቤት ውስጥ። የሲቪል መብቶች ሕግ ክርክር ሊሰሙ መጥተው በመተላለፊያው ተገናኙ። ተጨባበጡ፣ ፎቶ ተነሱ፣ ተለያዩ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

ስቴትሰን የዚያን ደቂቃ ርዝመት ሊያስረዝም ፈለገ። ሐሳቡ ለምን ልብ እንደሚነካ ግልጽ ነው። ሁለቱም በ39 ዓመታቸው ተገደሉ፤ ስለዚህ «ምነው ቁጭ ብለው ቢነጋገሩ ኖሮ» የማይል የለም። ተውኔቱ ምኞት ነው፤ ምኞትም ሰውኛ ነው።

ነገር ግን ታሪክ ለዚያ ምኞት የራሱ መልስ አለው፤ ብዙዎቻችን አናውቀውም። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1965 ማልኮም አላባማ ውስጥ ወደምትገኘው ሰልማ ሄደ። ኪንግ ያን ቀን እዚያው ከተማ እስር ቤት ነበር። ማልኮም በወጣት ታጋዮቹ ተጋብዞ በብራውን ቻፕል ንግግር አደረገ። እዚያ ከኪንግ ባለቤት ከኮሬታ ጎን ተቀመጠ። የባለቤቷን ሥራ ሊያከብድበት እንዳልመጣ ነገራት፤ ነጮቹ ሌላው አማራጭ ምን እንደሆነ ሲያዩ ኪንግን ለመስማት ይቀላቸው ይሆናል አላት። ይህን ቃሉን ያስተላለፈችልን ራሷ ኮሬታ ናት። በ17ኛው ቀን ተገደለ።

እስቲ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ። በተውኔቱ ውስጥ ሁለት መሪዎች ክንድ ለክንድ ይታገላሉ። በታሪክ ውስጥ ደግሞ ለዓመታት የኪንግን መንገድ በአደባባይ ሲነቅፍ የኖረ ሰው፣ ኪንግ ሊሰማው በማይችልበት ሰዓት፣ ለሚስቱ «ላግዘው ነው የመጣሁት» የሚል መልእክት ይተዋል። ካሜራ ፊት የተነገረ አልነበረም፤ ጭብጨባም አልነበረውም። የአንድ ሰው አኽላቅ የሚታየው እንዲህ ባለው ቦታ ነው። ምስክሯም የታወቀች ናት።

መካ በኦፔራ መድረክ

ሦስተኛው ትልቁ ነው። «ኤክስ፦ የማልኮም ኤክስ ሕይወትና ዘመን» የተባለው ኦፔራ በ1986 ኒው ዮርክ ሲቲ ኦፔራ ላይ ታየ። የሦስት ዘመዳሞች ሥራ ነው፤ ሙዚቃውን አንቶኒ ዴቪስ፣ ታሪኩን ወንድሙ ክሪስቶፈር፣ ግጥሙን የአጎታቸው ልጅ ቱላኒ ዴቪስ አዘጋጁት። ከዓመታት ዝምታ በኋላ በ2022 ዲትሮይት ላይ እንደገና ተነሣ፤ በኖቬምበር 2023 ደግሞ በአሜሪካ ትልቁ የኦፔራ ቤት፣ በሜትሮፖሊታን ኦፔራ፣ ዊል ሊቨርማን ማልኮምን ሆኖ ቀረበ።

ይህ ኦፔራ ከሌሎቹ ሁለቱ የሚለየው ሙሉ ሕይወቱን ለመያዝ መሞከሩ ነው። ከልጅነቱ ይጀምራል፤ በእስር ቤት ያልፋል፤ በሦስተኛው ገቢር መካ ይደርሳል፤ በአውዱቦን አዳራሽ ያበቃል። መካን አለመዝለሉ ቀላል ነገር አይደለም። ማልኮምን የቁጣ ሰው ብቻ አድርጎ ማሳየት ቀላሉ መንገድ ነው፤ ሐጁን ከሕይወቱ ያወጣ ሰው ግን የመጨረሻውን ዓመት ጨርሶ አይረዳውም።

የሆነውን እናስታውስ። ማልኮም በኤፕሪል 1964 ከኒው ዮርክ ተነሣ። ለሐጅ ቪዛ የሚያስፈልገውን ማረጋገጫ የሰጡት እዚያው ኒው ዮርክ የነበሩት ግብፃዊው ዶክተር ማሕሙድ ሸዋርቢ ናቸው። ጅዳ ሲደርስ ግን አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ተያዘ፤ የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ሰው ሙስሊም መሆኑ እስኪጣራ ድረስ። ዶክተር ሸዋርቢ ከሰጡት ስልክ ቁጥሮች አንዱን ደወለ፤ ዑመር ዐዛም መጥቶ ወሰደው። የዑመር አባት ዐብዱረሕማን ዐዛም የራሳቸውን ማረፊያ ለቀቁለት። በኋላም ልዑል ፈይሰል የመንግሥት እንግዳ አደረጉት።

በሕይወት ታሪኩ ውስጥ እጅግ የሚነካው ክፍል ግን ከእነዚህ ታላላቆች ጋር የተያያዘ አይደለም። ሰላት ነው። ለዓመታት በኢስላም ስም ሺዎችን ሲጠራ የኖረ ሰው፣ ጅዳ ላይ ከሕዝብ መሐል ቆሞ ሰላትን በትክክል መስገድ እንደማይችል አወቀ። ቃላቱን አያውቅም፤ እግሩም አቀማመጡን አልለመደም። እንደ ሕፃን ከሌላው እያየ ተማረ። ይህን ደግሞ አልደበቀም፤ ራሱ ለአሌክስ ሄሊ ነግሮ አጽፎታል። በዓለም የታወቀ መሪ «አላውቅም፣ አስተምሩኝ» ብሎ ጉልበቱን ሲያጥፍ፣ የኔሽን ኦፍ ኢስላሙ ሚኒስትር ማልኮም ያበቃው እዚያ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ኤፕሪል 20 ቀን ከመካ የጻፈው ዝነኛ ደብዳቤ የዚያ ፍሬ ነው።

መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ

ኦፔራው የሚያበቃው በግድያው ነው። ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1965 ማልኮም አውዱቦን አዳራሽ መድረክ ላይ ወጥቶ «አሰላሙ ዐለይኩም» አለ፤ ሕዝቡ መለሰለት፤ ጥቂት ሳይቆይ ተኩስ ተከፈተ። ለመድረክ ከዚህ የተሻለ ማብቂያ የለም። ታሪክ ግን እዚያ አላበቃም።

ከመካ ተልከው ከእሱ ጋር ይሠሩ የነበሩት ሱዳናዊው ሼኽ አሕመድ ሐሱን ጀናዛውን አጠቡ፤ በነጭ ከፈን ከፈኑት። ፌብሩዋሪ 27 ቀን ሃርለም ውስጥ ሽኝቱ ተደረገ። የስንብቱን ንግግር ያደረገው ኦሲ ዴቪስ ነው፤ ተዋናይና ጸሐፌ ተውኔት። የቴያትር ሰው ስለ ማልኮም ከተናገረው ሁሉ የመጀመሪያውና ምናልባትም ታላቁ ያ ንግግር ነው፤ በዚያ ቀን ግን ዴቪስ ማንንም መስሎ አልተጫወተም፤ በራሱ ስም ስለሚያውቀው ወዳጁ መሰከረ። መቃብሩ ላይ ደግሞ ወንድሞች አካፋውን ከቀባሪዎቹ ተቀብለው አፈሩን በእጃቸው መለሱ።

ሌላም አለ። በ1966 ፍርድ ቤት በግድያው ሦስት ሰዎችን ጥፋተኛ አለ። አንደኛው ድርጊቱን አምኖ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ግን እንደሌሉበት ተናግሮ ነበር። የሰማው የለም። ሙሐመድ ዐዚዝና ኸሊል ኢስላም ሁለቱም ከሃያ ዓመት በላይ ታሰሩ። በኖቬምበር 2021 የኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሰረዘው፤ ኤፍ.ቢ.አይ. እና የከተማው ፖሊስ ነፃ ሊያወጣቸው ይችል የነበረ ማስረጃ ይዘው ሳይሰጡ መቅረታቸው ተገለጠ። ዐዚዝ ያን ጊዜ 83 ዓመቱ ነበር። ኸሊል በ2009 ሞቷል፤ ስሙ ሲጸዳ አላየም።

እንግዲህ በ1986 ኦፔራውን ያየ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ «ገዳዮቹ ሦስቱ ናቸው» የሚለውን የፍርድ ቤት መዝገብ ይዞ ነበር። በ2023 ያየው ግን ከሦስቱ ሁለቱ ንጹሕ እንደነበሩ አውቆ ነው የተቀመጠው። በመድረክ ላይ ሰውየው ሁለቱንም ጊዜ በጥይት ይወድቃል። የተለወጠው መዝገቡ ነው። መዝገብ እንኳ እንዲህ ከተሳሳተ፣ ከመዝገብ ውጭ ያለን ምልልስ እንደ እውነት መያዝ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ተመልከቱ። የተበዳይ ስም የሚጠፋው በእንዲህ ያለ ቸልተኝነት ነው።

ውሸቱ የሚወለደው የት ነው?

አንዳንድ ወንድሞች ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው ጸሐፌ ተውኔቶቹ ዋሽተዋል» ይላሉ። ነገሩን በፍትሕ እንየው። ሙስሊሞች በዚህ ረገድ ከማንም የተሻለ መሣሪያ አላቸው፤ ኢስናድ። የሐዲስ ሊቃውንት ቃሉ ምን ያህል ያማረ እንደሆነ ከመጠየቃቸው በፊት ማን ከማን እንደሰማው ይጠይቁ ነበር። ዐብዱላህ ኢብኑል ሙባረክ (ረሒመሁላህ) ኢስናድን ከዲን የሚቆጥሩት ለዚህ ነው፤ እሱ ባይኖር ማንም ያሻውን ይናገር ነበርና። ሱረቱል ሑጁራትም በ6ኛው አንቀጽ የመጣ ወሬን እንድናጣራ ያዘናል፤ ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን እንዳንጸጸት።

በዚህ ሚዛን ሲታይ ፓወርስም ስቴትሰንም ሐሰት አላስተላለፉም። በራቸው ላይ «ተውኔት» ብለው ጽፈዋል። ማልኮም እንዲህ አለ ብለው በሰነድ አላወሩም፤ ቢገናኙ፣ ቢነጋገሩ ምን ይባባሉ ነበር ብለው ጠየቁ። ውሸቱ የሚወለደው ከቴያትር ቤቱ ውጭ ነው። አንድ ሰው ከተዋናይ አፍ 40 ሰከንድ ቆርጦ፣ «ተውኔት» የሚለውን ምልክት አንሥቶ፣ የማልኮምን ፎቶ ለጥፎ ሲለቅቀው ውሸቱ ያኔ ተወለደ። ያካፈልነው ሁላችን ደግሞ በሰንሰለቱ ውስጥ ገባን። በሐዲስ ሳይንስ ቋንቋ ብናገር፣ ከሰንሰለቱ ውስጥ ደካማው ራዊ እኛ ነን።

ስለዚህ ከማካፈላችን በፊት ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። አንደኛ፣ ይህ የማልኮም ድምፅ ነው ወይስ የተዋናይ? የእውነተኛ ንግግሮቹ ቅጂ በብዛት አለ፤ ማወዳደር ቀላል ነው። ሁለተኛ፣ መቼና የት ተናገረው? ከማርች 1964 በፊት የተናገረውና ከሐጅ በኋላ የተናገረው ብዙ ጊዜ ይጋጫል፤ የተወውን ሐሳብ እንደ መጨረሻ ቃሉ ማቅረብ በደል ነው። ሦስተኛ፣ እዚያ ማን ነበር፣ ማን አስተላለፈልን? መልስ ከሌለ ዝም እንበል።

ይህ ለእኛስ?

ማልኮም በ1964 ባደረገው ሁለተኛው የአፍሪካ ጉዞው አዲስ አበባንም ረግጧል። የዚያ ዓመት የጉዞ ማስታወሻው በ2013 በመጽሐፍ ታትሟል፤ የማያሚው ተውኔት መጀመሪያ በታየበት በዚያው ዓመት። አንዱ ሰውየው በራሱ እጅ የጻፈው ነው፤ ሌላው ሌሎች ለእሱ የጻፉለት። ሁለቱንም ማንበብ ይቻላል፤ ቅደም ተከተላቸው ግን ይታወቅ።

በሀገራችንም ታላላቅ ሰዎችን መድረክ ላይ የማውጣት ልማድ አለ። የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «ቴዎድሮስ»፣ የጸጋዬ ገብረ መድኅን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» የታወቁ ናቸው። ነገ አንድ ወጣት ስለ ሼኽ ጠልሃ ጃዕፈር (ረሒመሁላህ) ተውኔት ልጻፍ ብሎ ቢነሣ ከየት ይጀምራል? ከ1878ቱ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በወሎ ሙስሊሞች ላይ የደረሰውን፣ ሼኹም የቆሙበትን አቋም የሚነግሩን የተበታተኑ ጽሑፎች፣ መንዙማዎችና የአረጋውያን ትዝታዎች ናቸው። አረጋውያኑ ደግሞ እያለፉ ነው። ሰነዱን ዛሬ ካልሰበሰብን ነገ ጸሐፊው ባዶውን ክፍል በምናቡ ይሞላዋል፤ ልጆቻችንም ያንን ታሪክ ብለው ይይዙታል። ያን ጊዜ ጸሐፊውን መውቀስ አንችልም። ባዶውን የተውንለት እኛ ነንና።

በቤታችሁ የድሮ ደብዳቤ፣ የእጅ ጽሑፍ፣ የኪታብ ኅዳግ ላይ የተጻፈ ማስታወሻ ካለ ጠብቁት። አያት ካሏችሁ ስልካችሁን አውጡና ድምፃቸውን ቅዱ፤ ስማቸውን፣ ቀኑንና ቦታውን፣ ከማን እንደሰሙትም ጨምሩ። ያ ነው ሰነድ።

አላህ ማልኮምን በረሕመቱ ይቀበለው፤ በግፍ ስማቸው የጠፋውን ሁሉ ስማቸውን ያጽዳላቸው፤ እኛንም እውነትን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።